የአበባ መደብ አልነበረም

ፎቶው እውነት ነው፤ ከሥሩ የተጻፈው ግን ውሸት ነው። እኔ ደግሞ ውሸት ተለጥፎ እያየሁ አልፌ የምሄድ ሴት አይደለሁም። በዚህ ጠባዬ ከባሌም፣ ከቄሶቻችንም፣ ከአገሬ ወጥቼ ናታንያ ከተማ ከገባሁ ወዲህም በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ጀርባ ከተቀመጡት ሁሉ ጋር ተጣልቻለሁ። አሁን ጉልበቴ ከድቶኛል፣ አፌ ግን አልከዳኝም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አስኳላ የሚባል ደጅ አልረገጥኩም። አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ፤ ነገሩ ራሱ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ነገሩን የጀመረችው የልጅ ልጄ ሺራ ናት። ሺራ ኮሌጅ ትማራለች። ከመጽሐፍ ይልቅ ከስልኳ ጋር ትውላለች እያልኩ ሳማት ኖሬ፣ ለካ የምትማረው ፎቶ ማንሣት ኖሯል። በዚህ ክረምት መግቢያ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ሰገነቴን ባጠበ ማግስት፣ ሶፋው ላይ አጠገቤ ዘፍ አለችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። "ሳብታ፣ ይቺ አንቺ አይደለሽም?" አለችኝ፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን አያታቸውን እንዲህ ነው የሚጠሩት። መነጽሬን ፈልጌ አየሁ። እኔው ነኝ። ወገቤ ገና ቀጥ ያለ፣ ጠጉሬን በሻሽ ጠፍሬ፣ የሰው ካፖርት ለብሼ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ጎንበስ ብያለሁ። ከፊቴ የሰው ጭንቅላት የሚያካክሉ ድንጋዮች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። ከድንጋዮቹ ወዲያ አንዲት ሴት ቆርቆሮ በለበሰች ትንሽ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ቀይ ነገር ታቅፋለች። ከቤቷ ጀርባ የብርቱካን ዛፍ፣ ከብርቱካኑ በላይ ሁለት ረጃጅም ዘንባባዎች ይታያሉ። በፎቶው ዳር ደግሞ ከሁላችን ራቅ ብሎ አንድ ሰው ቆሟል፤ ፊቱ ደብዝዟል።

"የተቀመጠችው ማናት?" አለችኝ።

"ትርንጎ" አልኳት።

ሺራ የያዘችው ሥራ እንዲህ ነው። የከተማውን የድሮ ፎቶ ትወስድና ያው ፎቶ የተነሣበት ቦታ ሄዳ፣ ያው ማዕዘን ላይ ቆማ፣ ዛሬ ያለውን ታነሣለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። ያኔ እና ዛሬ። የሚሰቀሉትም በሰፈራችን ማትናስ ነው፤ ሽማግሌው ካርታ በሚጫወትበት፣ ልጁ ጭፈራ በሚማርበት የሕዝብ ቤት። የእኛ ፎቶም ከዚያው ለሥራው ከተሰበሰቡት ክምር ውስጥ የወጣ ነው፤ ከሥሩ በዕብራይስጥ አንድ መስመር ተጽፎበታል። አንብቢልኝ አልኳት። "አዲስ ገቢ ሴቶች የመጀመሪያቸውን የአበባ መደብ ሲያዘጋጁ" አለች። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ተቆጣሁ።

ያ ቦታ ዛሬ ኪርያት ሀሻሮን ይባላል። ፎቅ ከፎቅ አጠገብ ተተክሎ፣ ሰዉ ጠዋት በመኪና ወጥቶ ማታ በመኪና ይገባል፤ ጎረቤቱን የሚያውቀው አሳንሰር ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ግን እስከ ዓይን ጥግ የብርቱካን እርሻ ነበር፤ እዚህ ፓርዴስ ይሉታል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን በመጣን ዓመት ከእርሻው ጫፍ ያለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ አሰፈሩን፤ አንድ ክፍል ለአንድ ቤተሰብ። አበባው ሲፈነዳ ሽታው በመስኮት ገብቶ ራስ ያዞር ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ የሚሸተኝ ከየፎቁ የሚወርደው የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ነው። ጥቁሩ ዳቦ ሁለት ሸቀል አይሞላም ነበር፤ ዛሬ በሁለት ሸቀል ውሃም አትጠጣበት። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቹ ተሰብስበን ከእርሻው እስከ ገበያ በእግራችን እንሄድ ነበር፤ የአውቶቡሱን ለማትረፍ አይደለም፣ አውቶቡሱ ወዴት እንደሚሄድ ማንበብ ስለማንችል እንጂ። ገበያው ጥግ ላይ ካሴት የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ዘፈኑ ምን እንደሚል ባይገባንም ቆመን እናዳምጠዋለን። ከአገር የመጣ ካሴት ደግሞ በሕንፃው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ከክፍል ክፍል ይዞራል፤ ክሩ ሲዝረከረክ በእስክሪብቶ እያጠነጠንን መልሰን እናስገባዋለን፤ በመጨረሻ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያለቅስ መሰለ።

ልብሱስ! ከሰው የተለመነ ልብስ አዳራሽ ሙሉ ተቆልሎ "ምረጡ" አሉን። እኛ ስንመጣ ሻንጣ እንኳ አልያዝንም፣ የለበስነውን ብቻ። አንድ ትልቅ ቄስ የኳስ ተጫዋች ሹራብ ላይ ነጠላቸውን ደርበው ሲወጡ አይቼ ሳቄን በመዳፌ አፈንኩት። ለእኔ አንገቱ ጠጉር የሆነ ካፖርት ደረሰኝ፤ ቁልፍ የለውም፣ በመርፌ ቁልፍ እይዘው ነበር። የትርንጎ ባል አዳነ ደግሞ ከክምሩ ሥር አንድ ቀይ ኮት ጎትቶ አወጣ፤ ወፍራም፣ ውስጡ የበግ ጠጉር የመሰለ። "አዳነ፣ ቀይ ለወንድ ምን ይባላል?" ብለን አሾፍንበት። "ብርድ ቀለም አይመርጥም" አለ። አዳነ በቀን ውስጥ ከዚያ የበለጠ የሚናገር ሰው አልነበረም።

ትርንጎ ግን ለሁለቱም ትናገር ነበር። እሷም እንደ እኔ የወገራ ልጅ ናት፤ ረዥም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ሰው የምታስቅ። ከሕንፃው ጽሕፈት ቤት ጋር ስጨቃጨቅ ባየችኝ ቁጥር "አለሚቱ፣ አንቺ እኮ ገነት ብትገቢ ከበረኛው ጋር ትጣያለሽ" ትለኝ ነበር። በዚያ ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች። ብዙ ዓመት ጠብቃ ያገኘችው የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው በእኛ ዘንድ በወንድ ፊት አይነሣም። የሚያፍር ካለ ገጹን ይገልብጥ። በአገራችን ሴት ስትወልድ ከመንደሩ ዳር ወዳለው አራስ ጎጆ ትወጣለች፤ ለወንድ ልጅ አርባ ቀን፣ ለሴት ሰማንያ። የኦሪት ሕግ ነው። ጎጆዋን ድንጋይ ይከባታል። ከድንጋዩ ወዲህ ያለ ሰው ወዲያ አይሻገርም፤ እሷም ወዲህ አትሻገርም። ምግቡን አምጥተን ድንጋዩ ላይ እናስቀምጥላታለን፣ ታነሣለች። ከድንጋዩ ወዲያ የገባ ልብስ ቀኗ ደርሶ፣ ነጽታ፣ ልብሱም ታጥቦ ካልሆነ አይመለስም። ዛሬ ልጆቹ ይህን ሲሰሙ "ሴቶችን ታገልሉ ነበር" ይላሉ። እኔ ደግሞ እጠይቃቸዋለሁ፦ ሴት በዕድሜዋ ሳትፈጭ፣ ውሃ ሳትቀዳ፣ እንጨት ሳትለቅም፣ መንደር ሙሉ እየተላከላት የምትቀመጥበት ሌላ ጊዜ ነበራት? አልነበራትም። ብርድ አልነበረም፣ ጅብ አይጮህም ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። ነበር።

እዚህ ስንመጣ ጎጆ የለም። "እዚህ አያስፈልግም" አሉን። በየወሩ ደም ሲመጣም ሕጉ ያው ነውና፣ ብዙዎቹ ሴቶች በረንዳ ላይ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሲያድሩ፣ ያላወቀው ሰው ከባላቸው የተጣሉ ይመስለው ነበር። ትርንጎ ግን "ሻንጣዬን ጥዬ መጣሁ እንጂ ሕጌን ጥዬ አልመጣሁም" አለች። እርሻው ውስጥ ከሁለቱ ዘንባባዎች ሥር አንዲት ትንሽ ቤት ነበረች፤ ድሮ የውሃ መሳቢያ ሞተር የነበረባት፣ ያን ጊዜ ባዶዋን የቀረች። አዳነ ያኔ ቴል ሞንድ ብርቱካን ይለቅም ነበር። ከሥራ ሲመለስ እየጠረገ፣ ግድግዳዋን ኖራ እየቀባ፣ ጣሪያዋን በቆርቆሮ እየደፈነ፣ ቤት አስመሰላት። የነዳጅ ማሞቂያም ተበድሮ አስገባ። እኛ ሴቶቹ በሱፐርማርኬት ጋሪ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አመላለስን፤ ጋሪው መንኮራኩሩ እየጮኸ፣ ትርንጎ ሆዷን ይዛ እየሳቀች። ሕፃኗን ሐኪም ቤት ወለደችና ቀጥታ ወደዚያች ትንሽ ቤት ገባች። ሴት ልጅ ናት። ስም አልወጣላትም፤ በእኛ ሰፈር ለሴት ልጅ ስም የሚወጣላት እናት ነጽታ ስትመለስ ነው።

ፎቶ አንሺው የመጣው ያን ሰሞን ነው። በሞተር ብስክሌት የመጣ ወጣት፣ ለጋዜጣ ይሁን ለራሱ አላውቅም። እኔ አገልግሉን ድንጋዩ ላይ ላስቀምጥ ጎንበስ ስል እሱ ካሜራውን ይዞ ወደ መስመሩ ቀረበ። "አትሻገር!" ብዬ ጮህኩበት። ሳቀልኝ፤ አነሣን። ከዚያ ድንጋዮቹን እያሳየ አንድ ነገር ጠየቀ፣ በጣቱ ከመሬት የሚበቅል ነገር አስመሰለ። ያን ጊዜ የምናውቀው የዕብራይስጥ ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ "ኬን"፣ አዎ ማለት ነው። ለሐኪሙም ኬን፣ ለጸሐፊውም ኬን፣ ለሹፌሩም ኬን። ለእሱም ኬን አልነው። አመስግኖ ሄደ። እንግዲህ የአበባው መደብ ከዚያ ነው የበቀለው።

እሱ በሄደ ሳምንት ሳይሞላው ሌሎች መጡ። አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ሁለት ፖሊስ፣ ከእኛው ሰዎች አንድ አስተርጓሚ። ሴትዮዋን ክፉ ነበረች አልልም። በእሷ ዓይን የታየው አራስ ልጅ በክረምት፣ እርሻ መሐል፣ የሞተር ቤት ውስጥ ነው። እዚህ ክረምትና ብርድ አንድ ላይ ነው የሚመጡት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እደነግጣለሁ። ግን መጠየቅ ነበረባት። ጠይቃም ከሆነ አስተርጓሚው፣ ክራቫት ያሰረው፣ በእኛ ነገር አፈረና ጫማውን እያየ ዝም አለ። ፖሊሱ መስመሩን ተሻገረ፤ ልጅቷን ከነቀይ መጠቅለያዋ ከእናቷ እጅ ወሰዳት። ትርንጎ ተነሥታ እየጮኸች ተከተለች፣ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። እግሯ ድንጋዩን ነክቶ ቆመ። ብትሻገር፣ ሕጉን ብታፈርስ፣ ያ ጥፋት በልጅቷ ላይ የሚመጣ መሰላት። ከወገቧ በላይ ወደ ልጇ ተዘርግታ፣ ከወገቧ በታች እንደ ተተከለ ግንድ ሆና ሳያት እንዴት እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። አዳነ ከመኪናው ኋላ ሮጠ። እኔ ከመኪናው ፊት ቆምኩ፤ አንሥተው ዳር አስቀመጡኝ። ሴትዮዋ ወደ ኋላዋ ዞራ ትርንጎን አየቻት። ያየችው ልጇን ያልተከተለች እናት ነው።

ልጅቷ ክረምቱ ሲወጣ ተመለሰች። ወፍራ፣ ጡጦ ለምዳ፣ ኢላና የሚል ስም ይዛ። የትርንጎ ጡት ደርቆ ነበር። ትርንጎ ከዚያ በኋላ አልወለደችም፤ ሳቋንም እንደ ድሮው ሆኖ ዳግመኛ አልሰማሁትም። ፖሌግ፣ ከፋብሪካዎቹ መሐል፣ እኔና እሷ አንድ ሕንፃ ውስጥ ቢሮ ስናጸዳ ብዙ ዓመት ኖርን፤ የምትነግረኝ ስለ ሳሙናው ብቻ ነበር። አዳነ ኢላና ገና ትምህርት ቤት ሳለች ሞተ። ልጅቷ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ በቆየችበት ጊዜ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ለበጎ ብሎ ይሆናል፣ "ከመሣሪያ ቤት ውስጥ ነው ያገኙሽ፤ እናትሽ አንድ እርምጃ እንኳ አልተከተለችሽም" አላት። ኢላና እናቷን ጠየቀች። ትርንጎ እንዲህ ያለ ነገር ከልጅ ጋር አይወራም ብላ አፏን ዘጋች። ኢላናም ከእናቷ ደጅ እግሯን ሰበሰበች።

ትርንጎ ከሞተች ሁለት ክረምት ሆኗታል። ኢላና ለቅሶው ላይ ተገኘች፤ መሬት ተቀመጠች፣ የመጣውን ሰው ሁሉ ተቀበለች፣ አላለቀሰችም። እኔ ጥግ ይዤያት ነገሩን ከሥሩ ነገርኳት። አዳመጠችኝና "እትዬ አለሚቱ፣ ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበረ ነው የምትሉት" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እንላለን።

አሁን ያ ፎቶ በእጄ ሲገባ ምን እንደተሰማኝ ትረዱታላችሁ። የኔ አፍ ያልተቻለውን ይችል ይሆናል አልኩ። የአበባ መደብ ተብሎ ከተሰቀለ ግን ኢላና አንድ ቀን በዚያ ብታልፍ እንኳ የምታየው አበባ ነው፤ እናቷ ዳግመኛ ትቀበራለች።

በማግስቱ ማትናስ ሄድኩ። ኤግዚቢሽኑን የያዘው አሸር የሚባል የእኛው ልጅ ነው፤ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ፣ አሁን አንገቱ ላይ መታወቂያ የሚያንጠለጥል። ሻይ አስቀርቦ አዳመጠኝ። ስጨርስ ፊቱን አሻሸ።

"እማማ አለሚቱ፣ አበባ ምን ይጎዳናል? ቆንጆ ነገር ነው።"

"አበባ ከሆነ ትርንጎ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምን ልትሠራ ነው? ልትበቅል?"

ሳቁን ዋጠው። "አየሽ፣ የሚመጣው ሰው ሁሉ የኛ ሰው አይደለም። ይህን ብጽፍ 'ሴቶቻቸውን ጎተራ ውስጥ ይጥሉ ነበር' ነው የሚሉን። ልጄን ክፍል ውስጥ አሁንም በጠጉሯ ይቀልዱባታል። ሌላ ዱላ ላቀብላቸው?"

"ስለ ሌላ ሰው አፍ ብለህ የሞተች ሴት፣ ልጇን ጥላ እንደሄደች ይቅር?"

"አበባ ነው የሚለው እንጂ ልጅ ጣለች አይልም።"

"እውነቱ ካልተነገረ ያኛው ነው የሚቀረው።"

"እንግዲያው ፎቶውን ላስቀረው፣ ሁላችንም እንረፍ።"

"አስቀረው" አልኩት። "በቦታው እኔ ግድግዳው ላይ እቆማለሁ። ቀኑን ሙሉ። ለገባው ሁሉ በአፌ እነግራለሁ፣ ያውም በዚህ ዕብራይስጤ።"

እንደማደርገው ያውቃል። "እስቲ ላስብበት" አለ። ለፍትሕ ስል ይህንንም ልጻፍ፦ ስለ ልጁ የተናገረው ሐሰት አይደለም። ስወጣ ከሻዩ ግማሹን ትቼለት ነበር፤ በሩ ድረስ ይዞልኝ መጥቶ "ጨርሺው፣ ብርድ ነው" አለኝ።

ሺራ ደግሞ ሳትነግረኝ ፎቶውን ለኢላና ልካላት፣ ዓርብ የት እንደምንሄድም ጽፋላት ኖሯል። "አይታዋለች፣ ሁለቱ ምልክት ሰማያዊ ሆኗል" አለችኝ። መልስ ግን የለም። ዓርብ ጠዋት እኔና ሺራ በአውቶቡስ ኪርያት ሀሻሮን ወረድን። ካፊያ ነበር። ከየፎቁ ሥር ስንዞር እኔ አንድም ነገር አላውቅ አልኩ፤ ያን አፈር እየረገጥኩ የኖርኩ ሰው መንገድ የጠፋባት እንግዳ ሆንኩ። ውሻ የምታናፍስ ሴትዮ "ማንን ትፈልጋላችሁ?" አለችን። "ሁለት ዛፍ" አልኳት። ያበድኩ መስሏት ውሻዋን ጎተተች፤ ግን በአገጯ ወደ አንድ ፎቅ ጀርባ አሳየችን።

ዘንባባዎቹ አሉ። ፎቅ ሠሪዎቹ ለጌጥ ትተዋቸዋል። ያኔ ከሁሉ የሚረዝሙ ነበሩ፤ ዛሬ ስድስተኛው ፎቅ ላይ እንኳ አይደርሱም። ሺራ ስልኳን ከፍ ዝቅ እያደረገች ያንን ፎቶ ከዚህኛው ጋር ታስተያያለች፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ። "እዚህ፣ ሳብታ። አንቺ የቆምሽው እዚህ ነው።" ቆምኩ። ከፊቴ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ድንጋይ በግማሽ ክብ ይዞራል። ከጠርዙ ወዲያ ትርንጎ የተቀመጠችበት ቦታ የለም። ቦታው ተቀይሮ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ አፈሩ ራሱ የለም። የምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ አፍ ነው፤ ኮንክሪቱ ቁልቁል ይወርዳል። አንድ መኪና ከሥር መብራቱን አብርቶ ወጣ፣ ሄደ። ሰው የተቀመጠበት ደጃፍ አየር ሆኗል።

ያን ጊዜ ነው ትንሽ ነጭ መኪና ዳር ይዞ የቆመው። ኢላና ወረደች። ከሥራዋ ነው የመጣችው፣ ፖሌግ ነው የምትሠራው፤ እናቷ ወለል በጠረገችበት ሰፈር እሷ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች። ወፍራም ግራጫ ኮት ለብሳለች። አልሳመችኝም። "ሻሎም እትዬ አለሚቱ" አለችና ቀጥታ ወደ ሺራ፦ "ተንይ ሊ፣ ስጪኝ፣ አሳዪኝ። በኔ ስልክ ትንሽ ነው።"

ስልኩን ተቀብላ በሁለት ጣቷ እየከፈተች አየችው። ካፊያው መስተዋቱ ላይ ያርፋል፣ በእጅጌዋ ትጠርጋለች።

"ይሄ ቀይ ነገር እኔ ነኝ?"

"አንቺ ነሽ።"

"በርዶኝ ነበር?"

"ክረምት ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን ከሁላችን የሞቀሽ አንቺ ነበርሽ።"

ጣቷን ወደ ፎቶው ዳር አንሸራተተች። "ሁለታችሁም ኮት ለብሳችኋል። ይሄ ሰውዬ ለምንድነው በሸሚዝ የቆመው? ሾሜር ነው? የእርሻው ዘበኛ?"

"አባትሽ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ።

"ቀዩ የእሱ ኮት ነው" አልኳት። "እናትሽ ከሐኪም ቤት ይዛሽ በገባች ቀን ከላዩ አውልቆ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው፣ እናትሽ አነሣችው። ከድንጋዩ ወዲያ የገባ ልብስ ቀኑ ሳይደርስ፣ ሳይታጠብ አይመለስም። ይህን እያወቀ ነው የሰጠው። ሌላ ኮት አልነበረውም። ያን ክረምት ከቴል ሞንድ በሸሚዝ ሲመለስ፣ ትከሻው እየጨሰ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያየው ነበር። በየማታውም መጥቶ እዚያ ነው የሚቆመው፤ መቅረብ አይፈቀድለትም፣ ከዚያ ሆኖ ያይሻል።"

አንድ መኪና ወደ ምድር ቤቱ ወረደ፣ ድምፁ ከሥራችን ጠፋ።

"እሷስ?" አለች። "እሷ ለምን አልተከተለችኝም?"

"እስከ ድንጋዩ ተከተለችሽ። ከዚያ ብታልፍ ሕጉን ማፍረሷ በአንቺ ላይ ክፉ ያመጣል ብላ ነው የቆመችው። መሻገሩ ይቀላት ነበር ልጄ። መቆሙ ነው የገደላት።"

"ሽቱት ነው" አለች፤ ሞኝነት ማለቷ ነው። ድምፏ ግን ተሰብሯል።

"ሊሆን ይችላል። መጣል ግን አልነበረም።"

"ሳብታ፣ ዝናቡ ሳይበረታ ላንሣው?" አለች ሺራ በቀስታ። እኔ ጠርዙ ጋ እንደ ድሮው ቆምኩ። ትርንጎ በነበረችበት በኩል ማንም እንዲቆም አልፈቀድኩም፤ ኮንክሪቱ ባዶውን ይነሣ። ኢላና መኪናዋ ጋ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ወደ ዳር ሄደች፤ ፎቶው ላይ ያ ሰው ከቆመበት ግድም ስትደርስ ዞረች፣ ሺራን በዓይኗ ጠየቀች፣ ሺራ ትንሽ ወደ ግራ በእጇ አሳየቻት። ከዚያ ግራጫ ኮቷን አወለቀች። ተመልሳ መጣችና የጠርዙ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ በእጄ አልሰጠችኝም። አነሣሁት። በቀጭን ሸሚዝ ሄዳ በቦታው ቆመች። "አሁን አንሺ" አለች።

ሺራ አነሣች። አንድ ጊዜ ብቻ። ኢላና ቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄደች፣ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተለጥፎ። ሺራ "ኮትሽ! ኢላና፣ ኮትሽ!" እያለች ልትሮጥ ስትል ክንዷን ያዝኳት። "ተያት" አልኩ። "ታውቃለች።"

ሁለቱ ፎቶዎች አሁን ማትናስ ተሰቅለዋል። አሸር የአበባውን ቃል አነሣ። በምትኩ ስማችንን ብቻ ጻፈ፤ ትርንጎ፣ አዳነ፣ አለሚቱ፣ ሕፃኗ ኢላና። ስለ ድንጋዮቹ አንድ ቃል የለም። "ግማሽ መንገድ መጣሁልሽ" አለኝ። ግማሽ መንገድ መድረስ አይደለም፤ የቀረውን እኔ ይኸው ጻፍኩት። ከፎቶው ፊት የሚቆሙ ሰዎች ዘንባባዎቹን እያሳዩ "አላደጉም እንዴ?" ይባባላሉ። ዳር ላይ በዝናብ በሸሚዝ የቆመችውን ልጅ አይተው ለምን ብሎ የጠየቀ እስካሁን አልሰማሁም።

ኢላና አልደወለችም፤ እኔም አልደወልኩም። ኮቱን በእጄ አጥቤ ሰገነቴ ላይ አሰጥቼዋለሁ። ክረምት ነውና ቶሎ አይደርቅም።